የእማማ እናኑ ሩዝ

ጡረታ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ዕድሜዬ ደረሰ" እላለሁ፣ እንዲያ ሲባል ሰው ዝም ይላል። እውነቱ ግን ባለፈው ክረምት ከማድቤቱ እስከ ልጆቹ ማደሪያ ያለችውን ጭቃ መሻገር አቃተኝ። የወጥ ድስት እንደተሸከምሁ መሀል ላይ ቆምሁ፣ እግሬ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለኝ። አንዲት ልጅ ሮጣ መጥታ ድስቱን ተቀበለችኝ። ያን ቀን በልቤ "በቃሽ አስካለ" አልሁ።

ሥራዬን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የወረታ ልጆች ወይ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ፣ ወይ መገንጠያው ላይ ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፉ ይውላሉ። ስለዚህ የከተማው ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ሰብስቦ ሜዳው ላይ ወዳለች አንዲት የገጠር ደብር ይወስዳቸዋል። ከሐምሌ ጀምሮ ፍልሰታ እስኪፈታ እዚያው ያድራሉ። ዳዊት ይደግማሉ፣ መዝሙር ያጠናሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ። እኔ የማድቤታቸው ኃላፊ ነበርሁ። "ኃላፊ" የሚለው ቃል ያለው ደመወዝ መቀበያው ላይ ነው፣ ደመወዙ ራሱ ብዙ የሚያስወራ አልነበረም። በሥራው ግን ወጥ ሠሪም፣ አስታማሚም፣ እናትም፣ አልፎ አልፎም ፖሊስ ነበርሁ። የደብሯን ስም አልጠራም። ከቁሐር ሚካኤል ብዙ አትርቅም፣ ሰዎቿ ግን ስማቸው በወሬ ሲነሳ አይወዱም።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ልማድ ላይ ነበር። ልጆቹን የሚመግባቸው የደብሯ ገበሬ ነው። ጎጥ ለጎጥ፣ ቤት ለቤት ተራ ገብቶ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ደግሞ ጉልበት ላጣ ሰው፣ ለመበለቷ፣ ለታማሚው፣ ለሽማግሌው ሩዝ ያርማሉ። ማንም ውል ብሎ የጻፈው አልነበረም፣ እንዲሁ ሲሠራ የኖረ ነው።

ዘንድሮ ቁልፍ ላስረክብ ስሄድ ግን አዲሱ አስተባባሪ ዲያቆን ናትናኤል ልማዱ እንዲቀር መወሰኑን ነገረኝ። ምግቡ ከወረታ በመኪና ይመጣል፣ ልጆቹም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይወጡም።

"እትዬ አስካለ፣ ወላጅ እየደወለ ያስጨንቀናል" አለኝ። "አልቅት አለ፣ ወባ አለ፣ መንገዱም እንደሚያውቁት ነው። ደግሞ የእማማ እናኑን ሩዝ ነገር የነገሩኝ ራስዎ አይደሉ?"

እኔ ነኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ የተማረና ትሑት ነው፣ ያለውም ሁሉ ልክ ነው። ግን እንጀራውና አረሙ ከቀሩ የከተማ ልጅ ከገበሬ ቤት ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር እንደማይተርፍ አውቃለሁ። አጥሩ ውስጥ ገብቶ አጥሩ ውስጥ አድጎ ይመለሳል። ይህን ልነግረው አስቤ ነበር፣ ደከመኝና ተውሁት። የእማማ እናኑንም ነገር ለሱ በጥድፊያ ነው ያወራሁት፣ በጥድፊያ ሲወራ ደግሞ ጥፋቱ ብቻ ነው የሚታይ። እዚህ ረጋ ብዬ ልናገረው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከሆቴል ነው። ወረታ ላይ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያይበት ቦታ ለሹፌሮች ወጥ እሠራ ነበር። ሹፌር ቸኩሎ ይበላል፣ ቸኩሎ ይሳደባል፣ መሄጃው ሲደርስ ደግሞ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ያስቀኛል። መጀመሪያ የተመደብሁት ወደ ወንዛዬ በኩል፣ ፍል ውሃው ሳይርቅ ባለ ሌላ የልጆች ማደሪያ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ልጅን በፊሽካ የሚያስነሳና በፊሽካ የሚያስተኛ ሰው ነው። አንድ ውለታ ግን አለው፣ እከክ የያዘውን ልጅ ሁሉ ሰልፍ አስይዞ ፍል ውሃ ይወስድ ነበር። የሚቀጥለው አለቃዬ ስብሰባ ይወዳል። ሽሮ ሲያልቅ ስብሰባ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ስብሰባ ነው። በተሰበሰብን ቁጥር ጣሪያው ማፍሰሱን አልተወም። ከዚያ ወደ ሜዳው ደብር ተዛወርሁና ከየኔታ ዕዝራ ጋር ተገናኘሁ።

የኔታ የደብሯ የዳዊት መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቃቸው ከጢማቸው ሥር የሚቀር ሰው። ጠዋት ልጆቹ ተጣጥበው ሲመጡ "ትላንት የት ደረስን?" ብለው አይጀምሩም። የግንቡ ካብ ላይ በተርታ ያስቀምጧቸውና "እግር አሳዩ" ይላሉ። ከዚያ ጎንበስ እያሉ የእያንዳንዱን ልጅ የእግር ጣት ከፈት አድርገው ያያሉ። የእኛ ሜዳ በክረምት ግማሹ ውሃ ነው፣ የከተማ ልጅ እግር በሳምንት ውስጥ በጣቱ መሀል ይላላጣል፣ አልቅት የነከሰውም ቦታ ያመረቅዛል። በአንድ ኪሳቸው ጨው፣ በሌላው በትንሽ ብልቃጥ የኑግ ዘይት ይይዛሉ።

አንድ ቀን "የኔታ፣ ይህን ለኔ ይተዉልኝ፣ እርስዎ ያስተምሩ" ብላቸው "እያስተማርሁ ነው" አሉኝ። "እግሩን የሚያሳክከው ልጅ ዳዊት አይገባውም። ጆሮው ያለው ጣቱ መሀል ነው።"

እኔም ከሳቸው እያየሁ የራሴን ሙያ አበጀሁ። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ማደሪያውን ዙሪያውን ቦይ አስቆፍራለሁ፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ጭቃ ማቡካት ነው። ለመኝታ የሩዝ ገለባ አላነጥፍም፣ እርጥበት ይዞ ያድራል፣ ገላም ይበላል። የጤፍ ጭድ እፈልጋለሁ፣ መሽተት ሲጀምር ሳላቅማማ እቀይራለሁ። አጎበሩን በባሕር ዛፍ አጣና ላይ እወጥራለሁ፣ ልጅ ሲገላበጥ እንዳይጥለው ጫፉን ከጭዱ ሥር እቀብረዋለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ናፍቆት ነው። ቤቱ የናፈቀው ልጅ "ቤቴ ናፈቀኝ" አይልም፣ "ሆዴን" ነው የሚለው። እንዲህ ያለውን ልጅ ማባበል ያብስበታል። ምስር በሰፌድ ዘርግቼ "ድንጋዩን ልቀምልኝ" እለዋለሁ። ምስሩ ሳያልቅ ሆዱ ይድናል።

ሰናይትም የመጣችው እንዲያ ነው። የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ያኔ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ነበረች። "ሆዴን" እያለች መጣች፣ ምስር ለቀመች፣ ከዚያ ደግሞ ማን ያቁማት! ሳምንት ሳይሞላት ልጆቹን ሁሉ በእጇ አስገባች። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ ሌላውም ይነሳል፣ እሷ ስትዘምር ሌላውም ይዘምራል። የኔታ "ይቺ ልጅ ወይ በጎ ነገር ትሠራለች ወይ ትልቅ ጥፋት ታጠፋለች፣ ትንሽ ነገር አይሆንላትም" ይሉ ነበር። ሁለቱም በአንድ ቀን ሆነ።

እማማ እናኑ የደብሯ ጎረቤት ናት። ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ ለቀን ሥራ መተማ ወርዶ ነበር። በሰው በሬ ስለምታሳርስ ማሳዋ ሁልጊዜ ከሰው ማሳ ዘግይቶ ይዘራል። ያን ሰሞን ወባ ጥሏት ሳለ የልጆቹ እንጀራ ተራ ደረሳት። ጎረቤት "ያንችን እኛ እንሸፍናለን" ቢላት እምቢ አለች። እየተንቀጠቀጠች ጋግራ በሰው ላከችው። ሰናይት ይህን ሰማች። እንጀራውን በእጇ ይዛ ስታየው ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ የኔታ ለተዝካር ጎረቤት ደብር ሄደው ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ገበሬውም በሙሉ ከብቱን ወደ ደረቁ መሬት ሊያወጣ ወርዷል። ልጆቹ ትምህርት የላቸውም። ሰናይት ሰብስባ "እማማ እናኑ ተኝታ ሳለች ሩዟን አርመን እናስደስታት" አለቻቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በጎጡ ሽማግሌ በአያ ሙሉ ማሳ ላይ ከየኔታ ጋር አርመው ስለነበር ሁሉም የሚያውቁ መስሏቸዋል።

ሩዝ ገና ጨቅላ ሳለ ከሙጃ ለመለየት ያስቸግራል፣ ሁለቱም ቀጭን ሣር ናቸው። ልዩነቱ ቅጠሉ ከግንዱ የሚጣበቅባት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ሩዝ እዚያች ላይ ጠጉራም የሆነች ትንሽ ጆሮ አለችው፣ ሙጃ የለውም። የኔታ ማሳ ከመግባታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሩዝ፣ አንድ ሙጃ ያስይዙና "ጆሮ ያለው ይኖራል፣ ደንቆሮው ይነቀላል" ይላሉ። ደግሞ በየሁለት ልጅ መሀል አንድ ገበሬ ያስገባሉ። ልጆቹ ግን ካለፈው በልባቸው የያዙት ጆሮዋን አልነበረም፣ መልኩን ነው። አያ ሙሉ ማሳ ላይ ሩዙ ወፍራምና አረንጓዴ፣ ሣሩ የመነመነ ነበር። እማማ እናኑ ማሳ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ዘግይቶ የተዘራው ሩዝ ቢጫና ቀጫጫ ሆኖ ሙጃው ግን ፋፍቷል። ያማረውን ትተው የከሳውን ነቀሉ። በመስመር፣ በመዝሙር፣ አንድም ሳያስቀሩ።

ከምሳ በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው እየዘመሩ መጡ። "እትዬ አስካለ፣ የእማማ እናኑን ሩዝ አረምንላት!" አሉኝ። እኔም "እሰይ የኔ ጎበዞች" ብዬ ቆሎ ጨመርሁላቸው። እስከ ዛሬ ያ ቆሎ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

የኔታ ከተዝካሩ ሲመለሱ በማሳው በኩል አለፉ። ወደ ማድቤቱ ሲገቡ በእጃቸው አንድ የተነቀለ ቡቃያ ይዘዋል። ቅጠሉን ከግንዱ ለየት አድርገው በብርሃን አዩት፣ ከዚያ ለኔ ሰጡኝ። ጆሮዋ አለች።

"ስንት ነው እንዲህ የሆነው?" አልኋቸው።

"ያልሆነው ነው የሚቆጠር" አሉ።

የኔታ ልጆቹን አልተቆጡም። በቀጥታ ወደ ማሳው ወሰዷቸውና ዳር ላይ የተከመረውን ቡቃያ በሙሉ ሥሩን ወደታች አድርገው ቦይ ውስጥ ውሃ ላይ እንዲያስቀምጡት አደረጉ። ሩዝ ተነቅሎ ሥሩ ካልደረቀ ተመልሶ ይተከላል፣ ግን ቶሎ ነው፣ ቀን ካለፈው ይሞታል። ይህን ሲያደርጉ አያ ሙሉ ከብቱን አድርሶ መጣ። ማሳውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ሰናይትን አየ። "አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" አለ። ልጅቷ ፊቷ ሳምባ መሰለ።

"አያ ሙሉ፣ ለበጎ ብለው ነው እኮ" አልሁት።

"እኔ ምን አልሁ? ለበጎ ነው። ለበጎ ብለው የመበለት ዓመት ነቀሉ። እንግዲህ የእኔ ጎጥ እንጀራ ከነገ ጀምሮ አይመጣም፣ ሌላውም እንደኔ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ወረታችሁ።"

የጎጡ ወጣቶች "ነገ ማለዳ ደቦ ጠርተን እንትከለው" ሲሉ ደግሞ ሌላ ችግር ተነሳ። ማግስቱ የመልአኩ በዓል ነው። በበዓል ቀን መሬት የነካ ሰው በአገሩ ላይ በረዶ ይጠራል ይባላል፣ ሩዝ አበባ ሳይዝ በረዶ ከጣለ ደግሞ የሁሉም ቤት ያዝናል። ማንም እሺ አላለም። ቡቃያው ቦይ ውስጥ አደረ።

ጠዋት ቅዳሴ ወጣ። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ በደጀ ሰላሙ ሲወጣ የኔታ ዕዝራ ጋቢያቸውን አውልቀው ካቡ ላይ አስቀመጡና በባዶ እግራቸው ወደ እማማ እናኑ ማሳ ገቡ። እኔም ልጆቹን ይዤ ከኋላቸው ተከተልሁ፣ ሌላ ምን ላደርግ? መጀመሪያ ሙጃውን ነቀሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ጭቃውን እየበሱ አንድ አንድ ቡቃያ ያስገባሉ። ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ያያል።

"የኔታ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?" አለ አያ ሙሉ።

"የነቀልሁትን ልተክል።"

"እርስዎ መች ነቀሉ?"

"ተማሪዬ ከነቀለ እኔ ነቀልሁ።"

"ኧረ በመልአኩ! ዛሬ በዓል ነው፣ በረዶ ሊያመጡብን ነው?"

የኔታ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። "ሙሉ፣ በሬህ ዛሬ ገደል ቢገባ በዓል ነው ብለህ ትተወዋለህ?"

"አልተወውም።"

"እንግዲህ ገብቷል።"

አያ ሙሉ የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ ስድብ ይሁን ጸሎት አልሰማሁትም፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሄደ ብለን ተስፋ ቆረጥን። ቆይቶ ግን ከራሱ ማሳ ጭፍግ ካለው ቦታ እያሳሳ የነቀለውን ቡቃያ በቁና ሙሉ ተሸክሞ ተመለሰ። ቦይ ውስጥ ያደረው ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶት ነበር። እሱ ሲገባ ሌላው ሱሪውን ጠቀለለ። ሴቶቹም ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። በየሁለት ልጅ መሀል አንድ ገበሬ ገባ፣ ማንም ሳያዝ።

እኩል ቀን ሲሆን እማማ እናኑ በጋቢ ተጠቅልላ ከቤቷ ወጣች። በበዓል ቀን ያን ሁሉ ሰው ደጇ ላይ ስታይ ክው ብላ ቆመች።

"ምነው፣ ሞትሁ እንዴ?" አለች።

ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ነገሩን ነገሯት። ወደ ማሳው ዳር መጥታ አየችና ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። እንባዋ ብቻ ወረደ። ሰናይት ጭቃ በተለወሰ እጇ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትሄድ እማማ እናኑ ፊቷን ወደ ቤቷ አዙራ ገባች። ለልጅቷ ከዚያ ዝምታ ቁጣ ይሻላት ነበር። በሳምንቱ አባቷ በባጃጅ መጥቶ ወሰዳት፣ ስትሄድ ማንንም አልተሰናበተችም።

ሰው ሲተባበር ሁሉ ነገር ይቃናል የሚል ወሬ እወዳለሁ፣ የኛ ግን እንዲያ አልሆነም። ከተተከለው ግማሹ ያዘ፣ ግማሹ በቆመበት ጠወለገ። ከያዘውም የታችኛውን ወገን ርብ መጥቶ ተኛበት። በረዶ አልጣለም፣ እሱ እግዜር ይመስገን፣ ቢጥል ኖሮ እስከ ዛሬ በኛ ይሳበብ ነበር። የጎጡ ሰው ለእማማ እናኑ እህል አዋጣላት፣ አያ ሙሉም ዝም ብሎ ከሁሉ አብልጦ ሰጠ። ያም ሆኖ ዓመቱ አልገፋ ሲላት ጊደሯን ሸጠች። አንድ ያላትን ጊደር። ይህን ስሰማ ወረታ ነበርሁ፣ የያዝሁትን ሥራ አስቀምጬ አለቀስሁ።

በዓመቱ ልጆቹን ከማምጣታችን በፊት ከየኔታ ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ሽማግሌዎቹን ለመነን። አያ ሙሉ "ይብሉ፣ እንጀራ አንነሳቸውም። ማሳ ግን እንዳይረግጡ" አለ። ሁሉም በዚህ ተስማማ። እኔም ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብዬ ልነሳ ስል እማማ እናኑ ከሴቶቹ በኩል ተነሳች።

"እኒያው ይምጡልኝ" አለች።

"የትኞቹ?" አላት አያ ሙሉ።

"እኒያ የነቀሉት ናቸዋ። ያችም ቀጭኗ ልጅ ትምጣ። በኔ ሩዝ ነው የተማሩት፣ ጊደሬን የሸጥሁ ለነሱ ትምህርት ነው። አስተምሬ ሳበቃ ለሌላ ሰው ሊያርሙ ነው? አዲስ ብታመጡብኝ ደግሞ እንደ አዲስ ይነቅሉብኛል።"

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የኔታ አልሳቁም፣ ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። እኔ በማግስቱ ወረታ ገብቼ የሰናይት አባት ሱቅ ሄድሁ። ልጅቷ ጨርቅ ስታጥፍ አገኘኋትና የተባለውን ነገርኋት። "ስሜን ታውቀዋለች?" ብቻ አለችኝ። "ቀጭኗ ነው ያለችሽ" አልኋት። መጣች። ያን ክረምት አንድ ቡቃያ ለመንቀል ሦስቴ ጆሮዋን ታይ ነበር፣ እማማ እናኑም ከጎኗ ሆና "ኧረ ፍጠኝ አንች፣ እስኪያፈራ ነው የምታይው?" ትላታለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ። የኔታ ዐረፉ፣ ጨዋቸውና የኑግ ዘይታቸው ለኔ ተረፈ። ወባው የባሰበትም፣ መንገድ ተዘግቶ ልጆቹ ያልመጡበትም ክረምት ነበር። የወጠርሁትን አጎበር መልሼ ሳወርድ፣ ያዘጋጀሁትን ጭድ ለከብት ስሰጥ ድካም ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ከሥራ ይልቅ ሥራ አለመኖሩ ነው የሚያደክም። ሰናይት አድጋ ነርስ ሆነች። በየክረምቱ ዕረፍቷን ወስዳ ትመጣለች፣ እግር የማየቱንም ነገር ጎንበስ ማለት ሲያቅተኝ ለሷ ተውሁላት።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ቁልፉን ያስረከብሁ ዕለት፣ የመጀመሪያው ዳቦ ከወረታ በመኪና መጣ። ጥሩ ዳቦ ነው፣ በፌስታል ታስሮ። ልጆቹ ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው በሉ። ዲያቆን ናትናኤል ቁልፉን ተቀብሎኝ በምስጋና እየሸኘኝ ሳለ ከበሩ ላይ እማማ እናኑን አየን። አርጅታለች፣ በምርኩዝ ነው የምትሄድ። ጀርባዋ ላይ እንጀራ በመሶብ አዝላለች።

"እማማ፣ ምነው ደከሙ?" አላት ናትናኤል ሮጦ። "ዘንድሮ ምግቡን እኛ አዘጋጅተናል እኮ። አልነገሩዎትም?"

"ነገሩኝ። ዛሬ ተራየ ነው" አለች። "ማን ነው ከተራ ያወጣኝ? ምነው፣ ሞትሁ እንዴ?"

"ኧረ እማማ! እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው። ልጆቹም ገና አያውቁም፣ እንዳለፈው ሩዝዎን…"

"ይንቀሉታ!" አለች እማማ እናኑ። "ነቅለው የለም እንዴ? ተክላችሁስ የለም? ማሳየን ሙጃ ውጦታል ልጀ፣ ወገቤ አልታጠፍ ብሏል። ቅጥር ውስጥ ከርመው ማንን ሊያርሙ ነው?"

ናትናኤል ዞሮ አየኝ። እኔ ቁልፍ ያስረከበች ሴት ነኝ፣ ጉልበቴም ያመኛል፣ "እኔን አትየኝ" አልሁት። ልጁ ጎንበስ ብሎ መሶቡን ከጀርባዋ ተቀበለ።

ከካቡ በኩል የሰናይት ድምፅ ተሰማ። ነገሩን ከሩቅ ስታይ ቆይታ ኖሮ ልጆቹን በተርታ አስቀምጣ ሱሪያቸውን እያስጠቀለለቻቸው ነው።

"እግር አሳዩ!" አለች።

እኔም አጠገቤ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳላስበው፣ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርሁ።